ምልክቱ አካፋይ እስኪሆን

የ12 አካፋዮች እነማን ናቸው ቢባል፣ ማባዛት የተማረ ልጅ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 12 ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳቸዋል። የ−12 አካፋዮችስ? እዚህ ላይ አዋቂውም ያመነታል። ያው ስድስቱ ናቸው? ነጌቲቮቹ ተጨምረው አሥራ ሁለት ይሆናሉ? ወይስ ፊት ለፊት የቆመው ምልክት ራሱ አንድ አካፋይ ነው? ጥያቄው የልጅ ይመስላል እንጂ የሒሳብ ሊቃውንትን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አስጉዟል። በመንገዱ ላይ የተሳደቡም፣ ያኮረፉም፣ ሳያውቁት መልሱን ሲጠቀሙበት የኖሩም አሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው እስክንድርያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ዩክሊድ «ኤለመንትስ» የተባለውን ባለ 13 መጽሐፍ ሥራውን ሲያደራጅ፣ ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ያሉትን ለቁጥሮች ሰጣቸው። ለዩክሊድ ቁጥር ማለት የተሰመረ መስመር ነው። ትንሹ መስመር ትልቁን ደጋግሞ ለክቶ ምንም ሳያስተርፍ ከጨረሰው የእሱ ክፍል ይባላል፤ ካስተረፈ አይባልም። በዚህ አስተሳሰብ አካፋይ ምንጊዜም ከሚያካፍለው ያንሳል። 1 እንኳ ለእሱ የቁጥሮች መነሻ እንጂ ራሱ ቁጥር አልነበረም። ከምንም ያነሰ መስመር ደግሞ በምን ይሰመራል?

ነጌቲቭ አካፋይ አለመኖሩ ዩክሊድን አልጎዳውም፤ እንዲያውም ጠቅሞታል ማለት ይቻላል። ዘጠነኛው መጽሐፍ የሚዘጋው ፍጹም ቁጥሮችን በሚመለከት ማረጋገጫ ነው፤ ከራሳቸው በቀር ያሉት አካፋዮቻቸው ሲደመሩ ራሳቸውን የሚሰጡ ቁጥሮች ማለት ነው። 6 ከ1፣ 2 እና 3 ድምር ይገኛል፤ 28 ከ1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14። ነጌቲቮቹ ቢገቡ ኖሮ እያንዳንዱ አካፋይ ተቃራኒውን ይዞ ስለሚመጣ የማንኛውም ቁጥር የአካፋዮች ድምር ዜሮ ይሆን ነበር፣ ያ የሚያምር ጉዳይም ገና ሳይጀመር ይከስም ነበር። ስለዚህ ቁጥር የሚያጠኑ ሰዎች ለብዙ ዘመን አካፋይ ሲሉ ፖዘቲቩን ብቻ ማለታቸው ስንፍና አልነበረም።

ነጌቲቭ ቁጥር እውነተኛ ሥራ ያገኘው በሌላ አቅጣጫ፣ በቻይና ነው። «ዘጠኙ ምዕራፎች» የተባለው ጥንታዊ የሒሳብ መጽሐፍ ስምንተኛው ምዕራፉ ላይ አንድ የገበያ ጥያቄ ያነሳል። ሰውዬው 2 ከብትና 5 በግ ሸጦ 13 አሳማ ይገዛል፣ 1000 ሳንቲም ይተርፈዋል። 3 ከብትና 3 አሳማ ሸጦ 9 በግ ሲገዛ ልክ ይመጣለታል። 6 በግና 8 አሳማ ሸጦ 5 ከብት ሲገዛ ግን 600 ይጎድለዋል። የእያንዳንዱ ዋጋ ስንት ነው? የተሸጠው ፖዘቲቭ፣ የተገዛው ነጌቲቭ እየተባለ ይሰላና ከብቱ 1200፣ በጉ 500፣ አሳማው 300 ይወጣል። ስሌቱ የሚሠራው በሰሌዳ ላይ በሚደረደሩ ቀጫጭን ዘንጎች ሲሆን፣ በ263 መጽሐፉን ያብራራው ሊዩ ሁይ ቀዩ ዘንግ ለፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ለነጌቲቭ ይሁን ይላል። እዚያ የተሰጠው ደንብ ግን የመደመርና የመቀነስ ነው። ጥቁር በጥቁር ሲባዛ ቀይ እንደሚሆን የሚናገር ግልጽ ደንብ በቻይና ተጽፎ የሚገኘው ከሺህ ዓመት በኋላ፣ በ1299 በዡ ሺጂዬ መጽሐፍ ነው።

የማባዛቱ ደንብ በዩክሊድ ከተማ ቀድሞ ታይቶ ነበር። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እስክንድርያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዲዮፋንተስ፣ «አሪትሜቲካ» በተባለው ሥራው መግቢያ ላይ የሚቀነስ በሚቀነስ ሲባዛ የሚደመር እንደሚሰጥ ያስቀምጣል። ደንቡ የተጻፈው ግን እንደ «10 ሲቀነስ 2» ላሉ ቅንፎች ነው። ብቻውን የቆመ ነጌቲቭ ቁጥር ሲመጣበት አይቀበለውም፤ አንድን ቁጥር በ4 አባዝተን 20 ስንደምርበት 4 ይሁን የሚል ጥያቄ ሲገጥመው የማይረባ ነው ብሎ ይተወዋል። መልሱ −4 ነው። መሣሪያው በእጁ ነበር፤ በሩን መክፈት ነው ያልፈለገው።

በሩን የከፈተው ብራህማጉፕታ ነው። በ628፣ ዛሬ ራጃስታን በሚባለው የሕንድ ግዛት ባለችው ቢላማላ ከተማ ተቀምጦ፣ ገና በ30 ዓመቱ በግጥም የተጻፈ ትልቅ የሥነ ፈለክና የሒሳብ መጽሐፍ ጨረሰ። አሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ሀብትና ዕዳ ብሎ ለሁለት ከፍሎ ደንቦቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ሀብት ነው፤ ዕዳ በሀብት ሲባዛ ዕዳ ነው። ማካፈልንም አልዘነጋም፤ ዕዳ በዕዳ ሲካፈል ሀብት፣ ዕዳ በሀብት ሲካፈል ዕዳ ይሆናል። ለጉዳያችን ዋናው ይህ የመጨረሻው ነው። −12 በ−3 ተካፍሎ 4፣ በ3 ተካፍሎ −4 ከሰጠ፣ 3ም −3ም ያለ ቀሪ አካፍለውታል ማለት ነው። ብራህማጉፕታ የ−12ን አካፋዮች ዘርዝሩ ብሎ የጠየቀው አልነበረም እንጂ፣ ለመዘርዘር የሚያስፈልገው ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ስንኞች ውስጥ አለ። ዜሮን በዜሮ ማካፈል ዜሮ ነው ማለቱን ግን ዛሬ ማንም አይከተለውም።

ባግዳድ በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አልጀብራን ስም ሰጥታ ስታሳድግ ነጌቲቩን ወደ ውጭ ነው ያስቀመጠችው። አል-ኸዋሪዝሚ እኩልዮሾችን በስድስት ዓይነት የከፋፈላቸው በየትኛውም ወገን ነጌቲቭ እንዳይታይ ብሎ ነው። 10 ሲቀነስ 1ን በራሱ ማባዛት ሲኖርበት ግን የምልክቱን ደንብ አሳምሮ ያውቀዋል። በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን አስ-ሰማውአል የተባለው የባግዳድ ተወላጅ ደንቦቹን በሙሉ አሟልቶ ጻፋቸው።

በዚያው ዘመን ሕንድ ውስጥ ባስካራ አንድ የጦጣዎች ጥያቄ ትቶልናል። ከአንድ የጦጣ መንጋ አንድ አምስተኛው ላይ 3 ተቀንሶ፣ የቀረው በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ያህል ጦጣ ዋሻ ገባ፤ አንድ ጦጣ ብቻ ዛፍ ላይ ታየ፤ መንጋው ስንት ነው? አንዱ መልስ 50 ነው። የ50 አንድ አምስተኛ 10፣ ሦስት ሲቀነስ 7፣ በራሱ ሲባዛ 49፣ ከዛፉ ላይ ካለችው ጋር 50። ሌላው መልስ 5 ነው። የ5 አንድ አምስተኛ 1፣ ሦስት ሲቀነስ −2፣ በራሱ ሲባዛ 4፣ አንዷ ሲጨመር 5። ሒሳቡ ልክ ይመጣል። ባስካራ ግን ሁለተኛውን ይጥለዋል፤ ምክንያቱም ከ1 ላይ 3 ሲነሳ ሰው በማይቀበለው በኩል ያልፋል። −2 በ−2 ተባዝቶ ያስገኘው 4 እዚያው ፊቱ ተቀምጧል፣ የ4 አካፋይ መሆኑም አይካድም፤ የተከለከለው እንደ ጦጣ መቆጠር ብቻ ነበር።

አውሮፓ ላይ ፊቦናቺ በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነጌቲቩን መልስ በነጋዴ ዕዳ ተርጉሞ አለፈ። በ1489 ላይፕዚግ ውስጥ በታተመው በዮሐንስ ዊድማን መጽሐፍ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት ወጡ። ሽቲፈል በ1544 ነጌቲቮችን ትርጉም የለሽ ቁጥሮች ብሎ ሰየማቸውና ከዚያ በኋላ ያለ ሐሳብ ተጠቀመባቸው፤ ይህ ዓይነቱ ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

ካርዳኖ በ1545 ባሳተመው «አርስ ማኛ» ውስጥ አንድ የሚያስደነግጥ የማካፈል ጥያቄ አለ። 10ን ሁለት ቦታ ክፈል፤ ሁለቱ ሲባዙ 40 ይስጡ። በተለመደው መንገድ ይህ አይሆንም፤ 5 በ5 እንኳ 25 ነው። ካርዳኖ ግን በቀመሩ ገፍቶ ሄደና 5 ላይ የ−15ን ስኩዌር ሩት አንዴ ደምሮ አንዴ ቀንሶ ሁለቱን አካፋዮች አገኛቸው። ሲያባዛቸው 25 ሲቀነስ −15 ይሆናል፣ እሱም 40 ነው። አእምሮን የሚያሰቃይ፣ ረቂቅና ጥቅም የለሽ ነገር ነው ብሎ አለፈው። ከ25 ዓመት በኋላ በ1570 ይኸው ሰው ሐሳቡን ለውጦ ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ነጌቲቭ መሆን አለበት የሚል ክርክር አነሳ። ጣሊያን ውስጥ ማንም አልተከተለው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1572 የወጣው የቦምቤሊ «አልጀብራ» የድሮውን ደንብ በጽኑ አቋቋመው።

የነጌቲቭ ቁጥር አካፋዮች በስማቸው ሳይጠሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ የተሰለፉት፣ እኔ እስከማየው ድረስ፣ በ1637 ነው። ዴካርት «ጂኦሜትሪ» በተባለው ሥራው ሦስተኛ መጽሐፍ ላይ ይህን እኩልዮሽ ያቀርባል፤ ያልታወቀውን ሀ ብለን ብንጽፈው፣ ሀ⁶ − 8ሀ⁴ − 124ሀ² − 64 = 0 ነው። የመጨረሻውን ቁጥር ተመልከቱ ይላል። ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 64 ናቸው። ስለዚህ ሙሉው ቀመር በሀ² − 1 ወይም በሀ² + 1፣ በሀ² − 2 ወይም በሀ² + 2 እያሉ በተራ መሞከር ነው። በሀ² − 16 ላይ ሲደርስ ያለ ቀሪ ይካፈላል። የተካፈለው −64 ነው፤ የተዘረዘሩት አካፋዮች ግን ምልክት የላቸውም። ይሁንና ሙከራው ላይ እያንዳንዱ በሁለቱም ምልክት ይገባል። ዴካርት ከዜሮ በታች የሚወጡትን መልሶች ሐሰተኛ እያለ ነው የሚጠራቸው። ስማቸው ሐሰተኛ ቢሆንም አካፋዮቻቸውን ሳይሞክር አላለፈም።

ያን ጊዜ ፌርማም በደቡብ ፈረንሳይ ትልልቅ ቁጥሮችን እየፈለጠ ነበር። በ1643 ገደማ በጻፈው ደብዳቤ 2027651281ን ወደ 46061 እና 44021 ከፍሎ አሳይቷል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከቁጥሩ ስኩዌር ሩት ከፍ ካለው ሙሉ ቁጥር ይጀምርና እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ ቁጥሩን ይቀንስበታል። ቀሪው ራሱ የሌላ ቁጥር ስኩዌር ከሆነ ሥራው አለቀ። 45041 ላይ ሲደርስ ቀሪው 1040400 ሆነ፣ እሱም 1020 በራሱ ሲባዛ ነው። ፌርማ ምንጊዜም ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ወደ ታች ቢወርድ ቀሪው ነጌቲቭ ይሆናል፣ ነጌቲቭ ደግሞ የማንም ሙሉ ቁጥር ስኩዌር አይደለም። ይህን ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1667 አንትዋን አርኖ የተባለው የፓሪስ ሊቅ አንድ የሚቆረቁር ጥያቄ አነሳ። −1 ለ1 ያለው ድርሻ 1 ለ−1 ካለው ጋር እኩል ነው ትላላችሁ፤ ታዲያ ትንሹ ለትልቁ፣ ትልቁ ለትንሹ እንዴት አንድ ዓይነት ይሆናል? ክርክሩ የዩክሊድን መስመሮች ለያዘ ሰው ከባድ ነው። ላይብኒትዝ ቅሬታው ተገቢ መሆኑን አምኖ፣ ግን በቅርጹ ትክክል ስለሆነ እንሥራበት አለ። በተግባር ያሸነፈው ይህ አቋም ነው።

በአቋሙ ከማንም በላይ የተጠቀመው ኒውተን ነበር። በ1670ዎቹና 80ዎቹ ለካምብሪጅ ተማሪዎች ያዘጋጀው የአልጀብራ ትምህርት በ1707 «አሪትሜቲካ ዩኒቨርሳሊስ» በሚል በላቲን ታተመ፤ ያሳተመው ወንበሩን የወረሰው ዊስተን ሲሆን፣ ኒውተን በኅትመቱ አልተደሰተም፣ ስሙም መጽሐፉ ላይ አልወጣም። እዚያ ውስጥ ስለ አካፋዮች የሚናገረው ክፍል ደራሲው ሲያስተምር የምናይበት ነው። የተሰጠው ሀ³ − ሀ² − 10ሀ + 6 ነው። በሀ ቦታ በተራ 1፣ 0 እና −1 አግባ ይላል። 1 ሲገባ −4፣ ዜሮ ሲገባ 6፣ −1 ሲገባ 14 ይወጣል። አሁን የሦስቱንም አካፋዮች ጎን ለጎን ጻፍ፤ የ−4ቱ 1፣ 2፣ 4፤ የ6ቱ 1፣ 2፣ 3፣ 6፤ የ14ቱ 1፣ 2፣ 7፣ 14፤ ሁሉንም በፖዘቲቭም በነጌቲቭም ያዝ። ከዚያ ከየረድፉ አንድ አንድ እያነሳህ በ1 እየቀነሰ የሚሄድ ሰልፍ ፈልግ። −1፣ −2 ብሎ የሚጀምረው −3 ላይ ይሰበራል፣ 14 በ3 አይካፈልምና። 4፣ 3፣ 2 ግን ሳይሰበር ይወርዳል። ሀ 1 ሲሆን 4፣ ዜሮ ሲሆን 3፣ −1 ሲሆን 2 የሚሆነው ደግሞ ሀ + 3 ነው። ሲሞከር በእርግጥ ያካፍላል፤ ሁለተኛው አካፋይ ሀ² − 4ሀ + 2 ነው።

የ−4 ምልክት የት ገባ? 4ን የወሰደው የመጀመሪያው አካፋይ ስለሆነ ምልክቱ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ፤ እዚያ 1ን በሀ ቦታ ብናስገባ −1 ይወጣል። ነጌቲቭ ቁጥር ወደ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲከፈል ምልክቱ ከሁለቱ አንዱ ጋር መሄድ አለበት፣ ከሁለቱም ጋር አብሮ አይሄድም፣ ሁለቱንም ትቶ አይቀርም። ለ−12ም ያው ነው፤ 1 ከ−12፣ −1 ከ12፣ 2 ከ−6፣ −2 ከ6፣ 3 ከ−4፣ −3 ከ4 ጋር ይጣመራሉ። ስድስት ጥንድ፣ አሥራ ሁለት አካፋይ። ዛሬ ተማሪው ሀ² + ሀ − 12ን ወደ ሁለት ቅንፍ ሲከፍል ከእነዚህ ጥንዶች ውስጥ ድምሩ 1 የሚሆነውን እየፈለገ ነው፤ እሱም 4 እና −3 ነው።

በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ኦይለር ዓይኑ ታውሮ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ በልብስ ስፌት ለሠለጠነ አገልጋዩ አልጀብራውን በቃል አስጻፈ፤ በጀርመንኛ የወጣው በ1770 ነው። ምልክቱን ያስረዳበት መንገድ ያስቃል። −ሀ በለ ሲባዛ −ሀለ ነው፤ እንግዲህ −ሀ በ−ለ ሲባዛ ያንኑ ሊሆን አይችልም፤ የቀረው ፖዘቲቭ ነው፤ ስለዚህ ፖዘቲቭ ነው። የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ነውና ማን ይሟገተው? ማረጋገጫ ግን አይደለም።

ተሟጋቾች ነበሩ። እንግሊዝ ውስጥ ማሴሬስ በ1758፣ ፍሬንድ በ1796 ነጌቲቭ ቁጥሮችን ከአልጀብራ እናስወጣ ብለው መጽሐፍ አሳተሙ። ከግሬኖብል የመጣው ወጣት ሄንሪ ቤይል፣ ኋላ ስታንዳል በሚል ስም ልብ ወለድ የሚጽፈው፣ በሕይወት ታሪኩ ላይ ስለዚህ ደንብ በምሬት ይተርካል። የ10000 ፍራንክ ዕዳ በ500 ፍራንክ ዕዳ ሲባዛ የ5 ሚሊዮን ሀብት የሚሆንበትን ምክንያት ከመምህራኑ አንዱም ሊነግረው አልቻለም። እውነቱ ከስታንዳል ጋር ነው። ዕዳ ለመደመርና ለመቀነስ የሚመች ምሳሌ ነው፤ ገንዘብ በገንዘብ ሲባዛ ግን ምንም አይሆንም፣ ብር በብር አባዝቶ የከበረ የለም። በኋላ የፍሬንድ አማች የሆነው ደ ሞርጋን በ1831 የተሻለ ምሳሌ አመጣ፤ አባት 56፣ ልጅ 29 ዓመቱ ነው፣ አባት የልጁን ዕጥፍ የሚሆነው መቼ ነው? መልሱ −2 ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት 54 እና 27 ነበሩ።

ጥያቄውን ወደ ቦታው የመለሰው ጋውስ ነው። በ1801 እያንዳንዱ ፖዘቲቭ ሙሉ ቁጥር ወደ ፕራይም ቁጥሮች የሚፈታበት መንገድ አንድ ብቻ መሆኑን በጥንቃቄ አረጋግጦ ነበር። ነጌቲቮች ሲገቡ ይህ የሚፈርስ ይመስላል፤ 15 ከ3 እና 5ም፣ ከ−3 እና −5ም ይገኛልና። በ1832 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ የ−1ን ስኩዌር ሩት ያካተቱ አዳዲስ ሙሉ ቁጥሮችን ሲያጠና ችግሩ ጎልቶ መጣበት፤ እዚያ ምልክቱ ሁለት ብቻ ሳይሆን አራት ነው። ጋውስ እነዚህን አራቱን፣ 1ን፣ −1ን፣ የ−1ን ስኩዌር ሩትና ተቃራኒውን፣ ከሌሎቹ ለይቶ አሃዶች አላቸው። አሃድ ሁሉንም ቁጥር ያካፍላል፣ በሁሉም ውስጥ አለ፣ ስለዚህ የማንም ልዩ መለያ አይሆንም። በአሃድ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቁጥሮች እንደ ጓደኛ ይቆጠራሉ፤ 3 እና −3 ሁለት ፕራይሞች ሳይሆኑ አንድ ፕራይም በሁለት ልብስ ናቸው። በዚህ መሠረት −12 ማለት −1 በ2 በ2 በ3 ነው። ምልክቱ ከቁጥሩ ተላቅቆ ለራሱ ቦታ አገኘ።

ልዩነቱ ተራ የቃላት ጉዳይ አለመሆኑ በ1847 ታየ። መጋቢት 1 ቀን ላሜ ፓሪስ አካዳሚ ፊት ቆሞ የፌርማን የመጨረሻ ቲዎረም አረጋገጥሁ አለ፤ ልዩቪል ወዲያው ተነስቶ ማረጋገጫህ የተመሠረተባቸው አዳዲስ ቁጥሮች ወደ ፕራይም የሚፈቱበት መንገድ አንድ ብቻ ለመሆኑ ምን ዋስትና አለህ ብሎ ጠየቀ። ዋስትና አልነበረውም፤ ኩመር ጀርመን ሆኖ ከሦስት ዓመት በፊት አለመሆኑን አሳይቷል። ለምሳሌ የ−5 ስኩዌር ሩት ባለበት ዓለም 6 ከ2 እና 3 ይገኛል፤ 1 ላይ ያንን ሩት ደምረንና ቀንሰን ከምናገኛቸው ሁለትም ይገኛል። ይህ የምልክት መለዋወጥ አይደለም፣ እውነተኛ ሁለት መንገድ ነው። አሃዶቹን ቀድሞ ለይቶ ያላስቀመጠ ሰው የትኛው ልዩነት ልብስ፣ የትኛው ሥጋ እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ስታንዳል የጠየቀው ማረጋገጫ ራሱ በ1867 በሃንከል እጅ በሁለት መስመር ተጠናቀቀ። 1 እና −1 ሲደመሩ ዜሮ ናቸው። ድምራቸውን በ−1 ብናባዛው ዜሮ መሆን አለበት። ቅንፉ ሲፈታ −1 እና «−1 በ−1» ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ። ስለዚህ −1 በ−1 ሲባዛ 1 ነው። ዕዳም ጦጣም አላስፈለገም፤ የማባዛትና የመደመር ደንብ ሳይፈርስ እንዲቀጥል ከተፈለገ ሌላ ምርጫ የለም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ሊያልቅ ይችል ነበር፣ ኮምፒውተር ባይመጣ። ኦይለር በ1732 የ2³² + 1ን አካፋይ 641ን አግኝቶ ነበር። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ያለው ባለ 39 አሃዝ ቁጥር 2¹²⁸ + 1 ፕራይም አለመሆኑ ከ1905 ጀምሮ ቢታወቅም አካፋዩን ያየው አልነበረም። መስከረም 13 ቀን 1970 ሞሪሰንና ብሪልሃርት ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር 59649589127497217 የሚለውን አካፋይ አገኙ። የተጠቀሙበት ሐሳብ ሌመርና ፓወርስ በ1931 ያቀረቡት ሲሆን፣ ምስጢሩ ፌርማ ከተወው የቁልቁለት መንገድ ላይ ነበር።

በትንሽ ቁጥር እንየው። 2041ን በፌርማ መንገድ ለመፍታት ከ46 ጀምሮ እስከ 85 መውጣት ያስፈልጋል፤ አርባ ሙከራ ነው። አሁን ወደ ታችም እንውረድ። 46 በራሱ 2116 ነው፣ 2041 ሲቀነስ 75 ይቀራል። 45 በራሱ 2025 ነው፣ ቀሪው −16። 43 በራሱ 1849 ነው፣ ቀሪው −192። ከሦስቱ አንዱም ስኩዌር አይደለም። ግን እንፍታቸው፤ 75 ማለት 3 በ5 በ5፣ −16 ማለት −1 በ2 አራት ጊዜ፣ −192 ማለት −1 በ2 ስድስት ጊዜ በ3 ነው። ሦስቱን ስናባዛቸው እያንዳንዱ አካፋይ ጥንድ ያገኛል፤ 2 አሥር ጊዜ፣ 3 ሁለት ጊዜ፣ 5 ሁለት ጊዜ፣ −1ም ሁለት ጊዜ። ስለዚህ ውጤቱ ስኩዌር ነው፤ 480 በራሱ። በሌላ በኩል 46፣ 45 እና 43 ተባዝተው በ2041 ሲካፈሉ ቀሪው 1247 ነው። 1247 ላይ 480 ሲቀነስ 767፣ የ767 እና የ2041 ትልቁ የጋራ አካፋይ ደግሞ 13 ነው። 2041 ማለት 13 በ157 ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ −1 እንደ 2፣ እንደ 3፣ እንደ 5 ሆኖ ነው የተቆጠረው። መርሃ ግብሮቹ ለእያንዳንዱ ቀሪ ሰንጠረዥ ሲሠሩ የመጀመሪያውን ዓምድ ለ−1 ይሰጣሉ፤ ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደመጣ ጎዶሎ ነው ወይስ ሙሉ እያሉ ከሌሎቹ ፕራይሞች እኩል ይመዘግባሉ። ፖመራንስ በ1981 ያሻሻለው ዘዴም እንዲሁ ነው። በ1977 ለሕዝብ የቀረበው ባለ 129 አሃዝ የምስጢር ቁልፍ ቁጥር በዚህ ዘዴ፣ በብዙ አገር የተበተኑ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን አሰልፈው፣ በሚያዝያ 1994 ወደ ባለ 64 እና ባለ 65 አሃዝ ተፈታ። ከተሰበሰቡት ቀሪዎች ብዙዎቹ ነጌቲቭ ነበሩ።

ጆን ኮንዌይ ደግሞ አንድ እርምጃ ገፋው። በ1997 ከፍራንሲስ ፈንግ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ −1ን ያለ ይቅርታ ከፕራይሞች ጎን አሰለፈው። ብዙው የሙያ ባልደረባው አልተከተለውም፤ −1 በጋውስ ቦታው፣ ከአሃዶች ጋር ነው።

በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች እንኳ በአንድ ልብ አይደሉም። ማቲማቲካ የተባለውን ሶፍትዌር −12ን ወደ ፕራይም ፍታልኝ ብትሉት −1 አንዴ፣ 2 ሁለቴ፣ 3 አንዴ ብሎ ይመልሳል። አካፋዮቹን ዘርዝርልኝ ስትሉት ግን ያው ሶፍትዌር 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 12 ብሎ ያቆማል።